ጭድ የዋጠው ራዲያተር፦ ለኤሌክትሪክ መኪናዬ የገዛሁት የፊት ወንፊት ከስድስት ወር በኋላ

ረቡዕ ረቡዕ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ከቤቴ እወጣለሁ። የኋላ ወንበሩን አጥፌ የሽንኩርትና የቲማቲም ዘር፣ የጠብታ መስኖ ጎማና የችግኝ ትሪ እጭንበታለሁ። ደንበኞቼ ዓለም ጤና፣ መቂና ባቱ ዙሪያ ያሉ አትክልት አምራቾች ናቸው። ደርሶ መልሱ 320 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ይህን መንገድ ለዓመታት የተመላለስኩት በናፍጣ ፒክአፕ ነበር። በ2016 ዓ.ም. ጥር ላይ የነዳጅ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑ ሲነገር ግን እኔም እንደ ብዙው ሰው ወደ ኤሌክትሪክ ዞርኩ። አሁን የምነዳው ከቻይና የመጣ ፎልክስዋገን አይዲ 4 ነው። ስለ መኪናው ሌላ ቀን እጽፋለሁ። ዛሬ የማወራችሁ ቆሻሻ ወደ ራዲያተሩ እንዳይገባ ብዬ ፓራውልቱ (የፊት መከላከያው) ውስጥ ስለገጠምኩት ወንፊት ነው። ስድስት ወር ሞልቶታል፣ 11,000 ኪሎ ሜትር አብረን ሄደናል፣ ስለዚህ አሁን ደፍሬ መናገር እችላለሁ።

ነገሩ የጀመረው ታኅሣሥ ላይ ነው። በዚያ ሰሞን ጤፍ ይወቃል፣ ጭዱም ወደ ከተማ ይጫናል። ከመቂ ስመለስ ዓለም ጤና ላይ የማደርሰው ዕቃ ስለነበረኝ በአሮጌው መንገድ መጣሁ። ከፊቴ ጭድ የጫነ አይሱዙ ነበር። ጭዱ በግራም በቀኝም ከመኪናው ወጥቷል፤ ወደ ላይ ደግሞ ከጋቢናው ላይ ሌላ ጋቢና አክሏል። ሸራ የለውም፣ በገመድ ብቻ ታስሯል። ነፋሱ ከላዩ እየገፈፈ ወደ እኔ ይበትነዋል። ልቅደም ስል ከፊት ሲኖትራክ ይመጣል፤ እሱ ሲያልፍ ሌላ ይመጣል። ሩብ ሰዓት ያህል ከኋላው ሄድኩ። ፓራብሬዛዬ ላይ ሲለጠፍ በዋይፐር ጠረግኩና ረሳሁት። ከታች በኩል ምን እየገባ እንደሆነ ግን ፈጽሞ አላሰብኩም።

በሁለተኛው ሳምንት ኤሲው ደከመ። መቂ ላይ ቀትር ሲሆን የሚነፍሰው አየር ለብ ያለ ነው። ጋዝ ያነሰው መሰለኝ። ከዚያ አዲስ አበባ ገብቼ ፈጣን ቻርጅ ላይ ስሰካው ፋኑ ጮኸ። የዚያን ያህል ሲጮኽ ሰምቼው አላውቅም። የጣቢያው ጥበቃ ከወንበሩ ተነስቶ መጣና «እናቴ፣ መኪናዋ ደህና ናት?» አለኝ። ቻርጁ ሲጀምር ጥሩ ነበር፤ ትንሽ ቆይቶ ኃይሉ ወደ ግማሽ ወረደ። ሌላ ጊዜ ቡና ጠጥቼ ስመለስ የሚያልቀው ያን ቀን አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀብኝ።

ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ጥያቄ አለ። «ነዳጅ አይቃጠልበት፣ ራዲያተር ምን ይሠራለታል?» ብዙ ይሠራለታል። ባትሪው ኃይል ሲሰጥም ሲቀበልም ይሞቃል። ሞተሩም ይሞቃል። የባትሪውን ኤሌክትሪክ ለሞተሩ በሚሆን መልክ የሚቀይረው ኢንቨርተርም ይሞቃል። በእነዚህ ሁሉ ውስጥ የሚዞር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ አለ፤ ሙቀቱን ተሸክሞ መጥቶ የሚያራግፈው ፊት ለፊት ባለው ራዲያተር ላይ ነው። ከራዲያተሩ ፊት ደግሞ የኤሲው ኮንደንሰር፣ ማለትም የኤሲው ጋዝ ሙቀቱን የሚያራግፍበት ክፍል፣ ተጠግቶ ቆሟል። በእኔ መኪና የኤሲው ጋዝ የሚያቀዘቅዘው ተሳፋሪውን ብቻ አይደለም፤ ሙቀት ሲበረታ የባትሪውንም ፈሳሽ ያቀዘቅዛል። ስለዚህ ኮንደንሰሩ ሲታፈን እኔ ብቻ አይደለሁም የምግለው፣ ባትሪውም አብሮኝ ይግላል። የሊቲየም ባትሪ የሚመቸው ከ20 እስከ 35 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከዚያ ብዙ ሲያልፍ መኪናው ራሱን ለመጠበቅ ሲል የቻርጁን ፍጥነት ይቀንሳል።

የነዳጅ መኪና ራዲያተሩ ሲታፈን ይነግራችኋል። ጌጁ ይወጣል፣ እንፋሎት ይታያል፣ ዳር ይዛችሁ ትቆማላችሁ። የኤሌክትሪኩ እንዲህ አያደርግም። ኤሲው ትንሽ ይደክማል፣ ፋኑ ትንሽ ይበዛል፣ ቻርጁ ትንሽ ይዘገያል። ሁሉም «ትንሽ» ስለሆነ ሰው አያስተውለውም። የሚያሳስበኝም ይኸው ነው። ብዙ አሽከርካሪዎች ባትሪው አረጀ ብለው የሚጨነቁት ፓራውልታቸው ውስጥ ቆሻሻ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል።

የእኛ አገር ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ወለሉ ጋር ሲነጻጸር አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። የሳሳ አየር በራዲያተሩ ሲያልፍ ይዞት የሚሄደው ሙቀትም ያንሳል። አየሩ ቀዝቃዛ መሆኑ ይረዳል፣ እውነት ነው። ግን ከሞጆ ወደ ላይ ዕቃ ጭኖ ዳገቱን ለሚወጣ መኪና የራዲያተሩ እያንዳንዷ የጣት ያህል ቦታ ታስፈልገዋለች።

መጀመሪያ የሄድኩበት ጋራዥ መኪናውን ሳይፈታ፣ በእጅ ባትሪ ብቻ አይቶ፣ «ኮንደንሰሩ ሄዷል፣ ይቀየር» አለኝ። ዋጋውን ስጠይቅ 74,000 ብር። ስሙን አልጽፍም። ቃሉን ሰምቼ ወጣሁ።

ቀጥዬ የሄድኩት ጎፋ አካባቢ ወዳለ አንድ ትንሽ ጋራዥ ነው። ባለቤቱ ሽበታም ሰው ናቸው፤ ሁሉም ጋሼ ነው የሚላቸው። ዕድሜያቸውን ከነዳጅ መኪና ጋር ያሳለፉ ናቸው፤ ኤሌክትሪኩን ከልጃቸው ጋር ሆነው ተምረዋል። «እህቴ፣ መጀመሪያ ፓራውልቱን አውርደን እንየው። ሳያዩ ዋጋ አይነገርም» አሉኝ። መኪናውን አጠፉ፣ ትንሹን ባትሪ ነቀሉ፣ ኃይለኛው ኤሌክትሪክ የሚያልፍበት ብርቱካናማ ሽቦ ያለበትን ቦታ ማንም እንዳይነካ ለልጆቹ ነገሩ። ከዚያ ቪቴና ክሊፕስ እየፈቱ አርባ ደቂቃ ያህል ቆዩ።

ፓራውልቱ ሲወርድ ያየሁትን አልረሳውም። ኮንደንሰሩ አይታይም ነበር። ከታች ጀምሮ እስከ ወገቡ ድረስ ጭድ ተነጥፎበታል። የላላ ጭድ አይደለም፤ ከአቧራና ከጤዛ ጋር ተቦክቶ፣ ነፋስ እየጠቀጠቀው እንደ ጭቃ ቤት ምርጊት ደርቋል። ጋሼ በጣታቸው ሲያነሱት እንደ ቂጣ ቁራጭ ሆኖ ተላቀቀ። ከሥሩ የጥቁር ፌስታል ቁራጭ አለ። አንድ የዶሮ ላባ አለ። ክንፋቸው ብቻ የቀረ አንበጣዎችና የቢራቢሮ ዱቄት አለ። የባሕር ዛፍ ቅጠል፣ ጥቂት የስንዴ እሸት ጢም፣ አንድ የሲጋራ ቁራጭም ነበር። በቀኝ በኩል ደግሞ ጠጠር የመታቸው ጣቶች ተጋድመዋል። የኮንደንሰር ጣት ማለት ከወረቀት ብዙም የማይወፍር አሉሚኒየም ነው። በጥፍራችሁ ብትነኩት ይተኛል። ሲተኛ ደግሞ መተላለፊያውን ይዘጋል።

አይዲ 4 ከራዲያተሩ ፊት የሚከፈትና የሚዘጋ መከለያ አለው። ማቀዝቀዝ በማያስፈልግ ሰዓት ይዘጋል፣ አየሩ ገላውን ተንሸራትቶ ያልፋል፣ ባትሪ ይቆጠባል። ጥሩ ሐሳብ ነው። ግን በዚህ መከለያ ማጠፊያ ላይም ጭድ ተሰንቅሮ ነበር። ሁለቱ ክንፎች ግማሽ ድረስ ሄደው ይቆማሉ። ጋሼ በቀጭን እንጨት እየፈለቀቁ አወጡት።

ጽዳቱ ሁለት ሰዓት ፈጀ። ደረቁን በለስላሳ ብሩሽ ከላይ ወደ ታች ጠረጉ። በአቧራ መሳቢያ ማሽን ሳቡት። ከዚያ በመደበኛ የውሃ ጎማ፣ ያለ ግፊት፣ ከኋላ ወደ ፊት አጠቡት። ከፊት ከታጠበ ቆሻሻው የበለጠ ወደ ውስጥ ይገባል። የተኙትን ጣቶች አንድ በአንድ በፕላስቲክ ማበጠሪያ አቀኑ። 1,800 ብር ከፈልኩ። ወደ ቤት ስመለስ ኤሲውን ከፍቼ ብርድ ተሰማኝ። ኮንደንሰሩ የትም አልሄደም ነበር።

ስወጣ ጋሼ «ወንፊት ካላደረግሽለት ለሚቀጥለው ኅዳር እዚሁ ነን» አሉኝ።

እዚህ ላይ አንድ ስህተት ሠርቻለሁ፤ ሌላ ሰው እንዳይደግመው እነግራችኋለሁ። ወንፊት ሲባል ወደ አእምሮዬ የመጣው የመስኮት ትንኝ መረብ ነው። ርካሽ ነው፣ በየሱቁ አለ። የእህቴ ልጅ ቆርጦ በፕላስቲክ ማሰሪያ ከፓራውልቱ ጀርባ አሰረልኝ። አንድ ጉዞ ብቻ ሄድኩበት። ልጁ የመኪናውን መረጃ አንብቦ ወደ ስልኬ የሚልክ የኦቢዲ መሰኪያ ስለሰጠኝ የባትሪውን ሙቀት አያለሁ። ከተጸዳ በኋላ፣ ያለ መረብ፣ ከሞጆ ወጥቼ አዲስ አበባ ስገባ 31 ዲግሪ ነበር። በትንኝ መረቡ 37 ደረሰ። ጭነቱም ሰዓቱም ያው ነው። የትንኝ መረብ ቀዳዳው ከአንድ ሚሊ ሜትር ብዙም አይበልጥም፤ ክሩ ራሱ ሰፊ ቦታ ይይዛል። አቧራ ሲጨመርበት ጨርቅ ይሆናል። ቆሻሻን ከራዲያተሩ አርቆ፣ አየሩንም አብሮ ያስቀራል። በዚያው ማታ አስፈታሁት።

ከዚያ ነው ትክክለኛውን ዕቃ የፈለግኩት። ለዚሁ መኪና ልክ ተቆርጦ የተሠራ የቻይና ወንፊት ከአንድ የመኪና ጌጣጌጥ ሱቅ በ6,500 ብር ገዛሁ። ካርቶኑ ውስጥ ሦስት ቁራጭ አለ፦ አንድ ረጅም፣ ለታችኛው ሰፊ አፍ፤ ሁለት ትንንሽ፣ ለግራና ለቀኝ። መረቡ ጥቁር የተቀባ አሉሚኒየም ነው። ቀዳዳው እንደ ተጋደመ ዓይን ሆኖ ቁመቱ 3፣ ወርዱ 6 ሚሊ ሜትር ነው። ዙሪያውን የፕላስቲክ ፍሬም አለው። 14 ክሊፕስና ተለጣፊ ስፖንጅ አብሮት ይመጣል። የአገጣጠም ወረቀቱ በቻይንኛ ብቻ ነው። የእህቴ ልጅ በስልኩ ካሜራ እየተረጎመ አነበበው።

የገጠሙት ጋሼ ናቸው፣ በ700 ብር። አንዳንድ ሰው ፓራውልቱን ሳያወርድ ከፊት በኩል ይገጥማል። ይቻላል። እሳቸው ግን «ከፊት የተገጠመ ወንፊት አንድ ቀን በመንገድ ላይ ይቀራል» ብለው አወረዱት። ከመግጠማቸው በፊት ረጅሙን ቁራጭ ወደ ሰማይ አንስተው አዩበት። «ብርሃን እንዲህ ካለፈ አየርም ያልፋል» አሉ። ቀላል መመዘኛ ነው፤ አሁን ለሚጠይቀኝ ሁሉ ይህንኑ እላለሁ። መረቡን ወደ ብርሃን አንሱት። ከብረቱ ይልቅ ሰማዩ በደንብ የሚበዛ ካልሆነ አትግዙት።

ሙቀቱን ወዲያው ለካሁ። በዚያው ዳገት፣ በዚያው ሸክም፣ 32 ዲግሪ። ያለ ምንም ከነበረው በአንድ ዲግሪ ብቻ ይበልጣል። ቀኑ ራሱ ትንሽ ሞቅ ያለ ስለነበር ልዩነቱን ለወንፊቱ ብቻ አልሰጠውም። ቻርጁም ወደ ድሮው ፍጥነቱ ተመለሰ። በአንድ ቻርጅ የምሄደው ርቀት ላይ ለውጥ አላየሁም።

ምን ያዘ? ብዙ ነገር ይዟል። ጥር ላይ አሁንም የጭድ ወቅት ነበርና ከመቂ በተመለስኩ ቁጥር ወንፊቱ ላይ ቢጫ ጢም ይበቅላል። ቤት ስደርስ ተንበርክኬ በእጄ እጠርገዋለሁ፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። በየካቲት አንድ ሙሉ ፌስታል ተለጥፎበት አገኘሁ። ያ ፌስታል ገብቶ ቢሆን ኮንደንሰሩን ሩብ ያህል ይሸፍነው ነበር።

ትልቁን ሥራውን የሠራው ግን መጋቢት ላይ ነው። ከባቱ ወጣ ብሎ ወደ አንድ ደንበኛዬ እርሻ የሚያስገባ የጠጠር መንገድ አለ። ከፊቴ የሄደው ፒክአፕ ጎማ ጠጠር አስፈነጠረ። ድምፁን ሰማሁት፤ ቆርቆሮ ላይ እንደወደቀ ነገር ነው። ወርጄ ሳይ ከታርጋው በታች በግራ በኩል መረቡ የባቄላ ፍሬ ያህል ወደ ውስጥ ጎድጉዷል። ቀለሙ ተልጦ ነጩ አሉሚኒየም ይታያል። ጠጠሩ ራሱ ከሥሩ ጠርዙ ላይ ተቀምጦ ነበር፣ አንሥቼ ኪሴ ከተትኩት። ባለ ሦስት ማዕዘን፣ ጫፉ የሾለ ነው። ከጉድጓዱ በስተኋላ አንድ መዳፍ ርቀት ላይ የኮንደንሰሩ ቱቦ አለ። ያ ቱቦ ቢበሳ ጋዙ ወጥቶ ያልቃል፤ ጋራዡ የጠራው 74,000 ብር ያኔ እውነተኛ ወጪ ይሆንብኝ ነበር። ወንፊቱ ዋጋውን በዚያች ቀን መልሷል ብዬ አምናለሁ።

አሁን ወደ ጉድለቱ። ቀለሙ ደካማ ነው። በሦስት ወሩ የታችኛው ጠርዝ መላጥ ጀመረ። አሉሚኒየም ስለሆነ እንደ ብረት አይዝግም፤ ግን መልኩ ይበላሻል። ክሊፕሱም የተናቀ ሥራ ነው። ሲገጠም አንዱ ተሰበረ፤ ሚያዝያ ላይ ሁለቱ ላልተው በፈጣኑ መንገድ 100 ስነዳ ማፏጨት ጀመረ። ሱቁ ሄጄ ክሊፕስ ብቻ ስጠይቅ «ለብቻው አይሸጥም፣ ሙሉውን ግዢ» ተባልኩ። ይህ በጣም አናደደኝ። 14 የፕላስቲክ ክሊፕስ ብሎ 6,500 ብር የለም። የመኪና መለዋወጫ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ሄድኩና ከሌላ መኪና የመጣ፣ የተሻለ ክሊፕስ በጥቂት ብር አገኘሁ። ጋሼ አስገቡት። ማፏጨቱ ቆመ።

ሌላው ጉድለት የቀኙ ትንሽ ቁራጭ ልኩን አለመጠበቁ ነው። ጫፉ ላይ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍተት ቀርቷል። በዚያ በኩል ጭድ ይገባል። በስፖንጁ ደፈንነው። «ለዚህ መኪና ልክ የተሠራ» ተብሎ ለተሸጠ ዕቃ ይህ መሆን አልነበረበትም።

ክረምቱ ሲገባ ደግሞ የጭቃ ነገር አለ። ሰኔ ላይ የእርሻ መንገዱ ሲጨቀይ የወንፊቱ ቀዳዳ ይሞላል። ጭቃ የሞላው ወንፊት ከትንኝ መረቡ አይሻልም። ስለዚህ በጭቃ ቀን ወደ አስፋልት ስወጣ እቆማለሁ፤ በሃይላንድ ውሃና በአሮጌ የልብስ ብሩሽ አጥባለሁ። ይህን ማድረግ የማይፈልግ ሰው ወንፊት ባይገጥም ይሻለዋል። ወንፊት ቆሻሻውን አያጠፋውም፣ ወደ ፊት አምጥቶ እጃችሁ በሚደርስበት ቦታ ያስቀምጥላችኋል።

ላቫጆ የምትወስዱ ሰዎች ይህን ስሙኝ። ልጆቹ በግፊት ማሽን ነው የሚያጥቡት። ጎማውንና ፓራፋንጎውን ይጠቡበት። ፊት ለፊቱን ግን አይሆንም። ያ ግፊት የኮንደንሰሩን ጣቶች እንደ ሣር ያስተኛቸዋል። እኔ ሁልጊዜ ወርጄ «የኔ ልጅ፣ እዚህ ጋ ማሽኑን አታቅናው፣ በእጅህ ብቻ» እላለሁ። አንድ ልጅ ለምን እንደሆነ ጠየቀኝ። ወንፊቱን በስልኬ መብራት አብርቼ ከኋላው ያለውን አሳየሁት። አሁን የሌሎችንም መኪና ሲያጥብ ከፊት በኩል ማሽኑን ሲያርቅ አየዋለሁ። ሌላም ነገር አለ፤ መኪናው ቻርጅ ላይ እያለ ወይም ገና ሳይቀዘቅዝ እጃችሁን ወደ ፋኑ አታስገቡ። ጠፍቶ የቆመ ቢመስልም ፋኑ በራሱ ሊነሳ ይችላል።

ባትላሜራ፣ ማለትም የመኪና ቆርቆሮ ሠራተኛ፣ የሚሠራው ወንፊት ይሻላል የሚል ሰው ብዙ አለ። አይቻለሁ። ጎረቤቴ ለቢዋይዲ መኪናው ባለ ቀዳዳ አሉሚኒየም አስቆርጦ በ2,800 ብር አሠርቷል። ጠንካራ ነው፤ ልኩም የእኔን ይበልጣል፣ ምክንያቱም ሠራተኛው መኪናው ላይ እየለካ ነው የቆረጠው። ሁለት ነገር ግን አልወደድኩለትም። ጠርዙ አልተጠቀለለም፣ እጅ ይቆርጣል፤ የታችኛውን የፕላስቲክ ክፈፍ እየፈገፈገው ነው። ሁለተኛ፣ ቀዳዳዎቹ ክብ ሆነው ተራርቀዋል። ወደ ብርሃን ሲነሳ ብረቱ ይበዛል። ባለሙያው ቀዳዳው የበዛ ላሜራ ቢያገኝና ጠርዙን በጎማ ቢሸፍንለት ከቻይናው እመርጠው ነበር። ማንም የሚያሠራ ሰው እነዚህን ሁለት ነገሮች አስቀድሞ ይናገር። ፊቱ ላይ የርቀት ራዳር ያለው መኪና ከሆነ ደግሞ ብረቱ ራዳሩን እንዳይሸፍን።

ለማን ይሁን? ከከተማ ለማትወጡ፣ ከቦሌ ሜክሲኮ ለምትመላለሱ፣ 6,500 ብር አውጡ አልልም። የግንባታው አቧራ በወንፊት አይያዝም፤ ያልፋል። በየሦስት ወሩ ፓራውልቱ ሥር በመብራት ማየትና ባለሙያ እንዲያጸዳው ማድረግ ይበቃል። በሳምንት አንዴም ቢሆን ወደ ክፍለ ሀገር ለሚወጣ፣ በተለይ በመኸር ወቅት ወደ አዳማ፣ ወደ ባቱ፣ ወደ ደብረ ብርሃን ለሚነዳ ግን ያለ ወንፊት መሄድ አይመከርም። ጭድ በየመንገዱ አለ።

ለዕቃው ከአሥር ሰባት እሰጠዋለሁ። ሦስቱን የወሰደበት ክሊፕሱ፣ ቀለሙና ያ የቀኝ ጫፍ ነው። ለገጠሙልኝ ሰው አሥር ከአሥር።

ባለፈው እሑድ ወንድሜ ቤት ሄጄ ነበር። እሱም ኤሌክትሪክ ገዝቷል፤ ሐዋሳ የሚመላለስ ሰው ነው። ከምሳ በኋላ ግቢው ውስጥ ተንበርክኬ ፓራውልቱ ሥር በስልኬ መብራት አየሁ። ገና ሁለት ወሩ ነው፤ ከታች በቀኝ በኩል የጭድ ክምር ጀምሯል። ጣቴን አስገብቼ አንድ እፍኝ አወጣሁና መዳፉ ላይ አስቀመጥኩለት። ዝም ብሎ አየው። ቅዳሜ ጎፋ አብረን እንሄዳለን፤ ክሊፕሱን ከሶማሌ ተራ አስቀድሜ ገዝቻለሁ።